የቅድመ መላጨት ዘይት

የቅድመ መላጨት ዘይት ጺም ከመላጨቱ በፊት ፊትና አንገት ላይ በስሱ የሚቀባ የዘይት ድብልቅ ነው። ዋና ተግባሩ በምላጩና በቆዳው መካከል የሚያንሸራትት ቀጭን ሽፋን ፈጥሮ ሰበቃን መቀነስ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያገለግለው ውሃ፣ የመላጫ ሳሙና ወይም ክሬም እና ምላጭ ለሚጠቀሙ ሰዎች ነው። በሱቅ የሚሸጠውም ሆነ ቤት ውስጥ የሚሠራው በመሠረቱ አንድ ነው፦ አንድ ወፍራም ዘይት፣ አንድ ወይም ሁለት ቀጭን ዘይት፣ ከተፈለገም ጥቂት ጠብታ መዓዛማ ዘይት። አዘገጃጀቱ ቀላል ቢሆንም ድብልቁ ምላጭ የነካው ቆዳ ላይ ስለሚቀር የግብዓቶቹ ምርጫና ንጽሕና ጥንቃቄ ይጠይቃል።

አሠራሩ

የጺም ጸጉር ኬራቲን ከተባለ ፕሮቲን የተሠራ ነው። ደረቅ ሲሆን ጠንካራ ነው፤ ውሃ ሲመጥ ግን ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ለመቁረጥ የሚያስፈልገው ኃይልም በእጅጉ ይቀንሳል። ለዚህም ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ለብ ባለ ውሃ መታጠብ በአብዛኛው በቂ ነው። ስለዚህ ጸጉሩን የሚያለሰልሰው ውሃ እንጂ ዘይት አይደለም። ዘይቱ ቀድሞ በደረቅ ጺም ላይ ከተቀባ ውሃው ወደ ጸጉሩ የሚገባበትን መንገድ ያዘገያል።

የዘይቱ ጥቅም ሁለት ነው። የመጀመሪያው ማንሸራተት ሲሆን፣ ምላጩ ቆዳውን እየጎተተ ሳይፍቀው እንዲያልፍ ይረዳል። ሁለተኛው ደግሞ በጸጉሩና በቆዳው ላይ ያለው ውሃ ቶሎ እንዳይተን ማድረግ ነው። በሌላ በኩል ዘይት አረፋን የማጥፋት ባሕርይ አለው። ብዙ ዘይት ሲቀባ የመላጫ ሳሙናው አረፋ ይሟሽሻል፣ ምላጩም ቶሎ ይደፈናል። በዚህ ምክንያት ለሙሉ ፊት ከ3 እስከ 5 ጠብታ በቂ ነው።

የሚመረጡ ዘይቶች

የጉሎ ዘይት፦ በመድኃኒት ቤት ካስተር ኦይል በሚል ስም የሚሸጠው ይህ ዘይት በአብዛኞቹ ድብልቆች ውስጥ የወፍራሙን ዘይት ቦታ ይይዛል። ከስብ አሲዶቹ ከ85 እስከ 90 በመቶ የሚሆነው ሪሲኖሌይክ አሲድ ነው። የዚህ አሲድ ሞለኪውሎች እርስ በርስ ስለሚሳሳቡ ዘይቱ ከሌሎቹ የአትክልት ዘይቶች በብዙ እጥፍ ወፍራም ነው፤ ቆዳ ላይም ሳይፈስ ይቆያል። ብቻውን ሲቀባ ግን ያጣብቃል፣ በቀላሉም አይታጠብም። በቀጭን ዘይት የሚቀላቀለውም ለዚህ ነው።

የሱፍ አበባ ዘይትና የወይን ዘር ዘይት፦ ሁለቱም ቀጭን ናቸው፣ ሽታቸው ደካማ ነው፣ ሊኖሌይክ አሲድም በብዛት አላቸው። ለአብዛኛው ሰው ቆዳ ይስማማሉ፤ ነገር ግን አየር ሲያገኛቸው ቶሎ ይበላሻሉ።

የወይራ ዘይት፦ በቀላሉ የሚገኝና ከሱፍ አበባ ዘይት ይልቅ ሳይበላሽ የሚቆይ ነው። ይሁንና በውስጡ በብዛት ያለው ኦሌይክ አሲድ የቆዳን መከላከያ ሽፋን ሊያሳሳ ስለሚችል ቆዳቸው ለሚላላጥ ወይም ፎሮፎር ፊታቸው ላይ ለሚወጣባቸው ሰዎች አይመከርም።

የሰሊጥ ዘይት፦ በውስጡ ያሉ ተፈጥሯዊ ንጥረ ነገሮች ብልሽትን ስለሚያዘገዩ ከሌሎች ቀጫጭን ዘይቶች የተሻለ ዕድሜ አለው። ለሰሊጥ አለርጂ ያለበት ሰው ሊጠቀምበት አይገባም።

የኑግ ዘይት፦ በኢትዮጵያ ወጥ ቤቶች የታወቀ ነው። የማንሸራተት ችሎታ ቢኖረውም ጠንካራ ሽታና ቀለም አለው፤ በሊኖሌይክ አሲድ የበለጸገ በመሆኑም ለረጅም ጊዜ ለማስቀመጥ አይመችም።

የጆጆባ ዘይት፦ በኬሚስትሪ ባሕርዩ ዘይት ሳይሆን ፈሳሽ ሰም ነው። ለብልሽት አስቸጋሪ በመሆኑ በውድ ድብልቆች ውስጥ ይዘወተራል።

የኮኮናት ዘይት፦ ከ24 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ይረጋል። በቀዝቃዛ አካባቢ ድብልቁን ያጠጥራል፤ ብጉር የሚወጣበትን ቆዳ ቀዳዳዎችም ሊደፍን ይችላል።

የሕፃናት ቅባት ዘይት ብዙውን ጊዜ ከነዳጅ የተገኘ ማዕድናዊ ዘይት ነው። የጉሎ ዘይት ከእሱ ጋር በደንብ ስለማይዋሐድ ድብልቁ በጠርሙሱ ውስጥ በሁለት ይከፈላል። ለጋ ቅቤ ለጸጉር ቅባትነት ረጅም ታሪክ ያለው ቢሆንም ለዚህ ተግባር ተስማሚ አይደለም። ውሃና የወተት ቅሪት ስላለው ቶሎ ይበላሻል፣ ያልተፈላ ከሆነም ባክቴሪያ ይዞ ወደ ተፋቀ ቆዳ ሊያስገባ ይችላል።

አዘገጃጀት

የሚከተለው መጠን 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ይወጣዋል። አንድ የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ተደርጎ ተቆጥሯል።

- የጉሎ ዘይት፣ 2 የሻይ ማንኪያ
- የሱፍ አበባ፣ የወይን ዘር ወይም የሰሊጥ ዘይት፣ 4 የሻይ ማንኪያ
- ቫይታሚን ኢ፣ ከአንድ የመድኃኒት እንክብል የወጣ
- ከተፈለገ፣ እስከ 3 ጠብታ መዓዛማ ዘይት

ጠቆር ያለ መስታወት የሆነና ጠብታ መለኪያ ያለው ጠርሙስ በሳሙናና በፈላ ውሃ ይታጠባል። ከዚያም ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ በውስጡ የቀረ ውሃ የብልሽት መነሻ ነው። ዘይቶቹ ወደ ጠርሙሱ ይገባሉ፣ ክዳኑ ይገጠምና ለአንድ ደቂቃ ያህል ይናጣል። እሳት አያስፈልግም። ድብልቁ ከተሞከረ በኋላ በጣም የሚያጣብቅ ሆኖ ከተገኘ ቀጭኑ ዘይት ይጨመራል፤ ከፊት ላይ ቶሎ የሚሸሽ ከሆነ ደግሞ የጉሎ ዘይቱ ከፍ ይላል። ቆዳው ወዛም የሆነ ሰው የጉሎ ዘይቱን ወደ 1 ማንኪያ ዝቅ አድርጎ መጀመር ይችላል።

ቫይታሚን ኢ ዘይቱ ከአየር ጋር ተዋሕዶ እንዳይበላሽ ያዘገያል እንጂ ጀርም አይገድልም። ውሃ የሌለበት ድብልቅ ባክቴሪያ በቀላሉ አያፈራም። እሬት፣ ማር፣ የሎሚ ጭማቂ ወይም እርጥብ ቅጠል ሲጨመርበት ግን ውሃ ስለሚገባበት ሊሻግት ይችላል።

አጠቃቀም

ፊት በመጀመሪያ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ይታጠባል። ቆዳው እርጥብ እንዳለ ከ3 እስከ 5 ጠብታ ዘይት በመዳፍ ታሽቶ ጺሙ ላይ ወደ ሥሩ እንዲደርስ ተደርጎ ይቀባል። ከአንድ ደቂቃ በኋላ የመላጫ ሳሙናው ወይም ክሬሙ በላዩ ላይ ይደረጋል። ምላጩ ጺሙ በበቀለበት አቅጣጫ በአጭር በአጭሩ ይሄዳል፤ በየጊዜውም ለብ ባለ ውሃ ይታጠባል፤ በተለይ ብዙ ስለት ያለው ምላጭ በወፍራም ዘይት ቶሎ ይደፈናል። በመጨረሻ ፊት በውሃ ታጥቦ ሳይታሽ በፎጣ ይደርቃል። ዘይቱ መታጠቢያ ክፍል ወለል ላይ ከፈሰሰ የሚያንሸራትት በመሆኑ ወዲያው መጥረግ ያስፈልጋል።

በኤሌክትሪክ መላጫ በደረቁ ለሚላጩ ሰዎች ይህ ዘይት አይመችም። ለእነሱ የሚዘጋጁት ፈሳሾች በአብዛኛው አልኮል ያለባቸው ሲሆኑ ዓላማቸው ቆዳውን ማድረቅና ጸጉሩን ማቆም ነው።

ጥንቃቄ

የጉሎ ፍሬ መርዛማነት፦ ጉሎ በኢትዮጵያ በየአጥሩ ሥርና በየመንገዱ ዳር የሚበቅል ተክል ነው። ይህም ፍሬውን ቤት ውስጥ ወቅጦ ዘይት ለማውጣት ሊገፋፋ ይችላል። ፍሬው ግን ሪሲን የተባለ እጅግ አደገኛ መርዝ ይዟል። መርዙ በዘይት አይሟሟም፣ በፋብሪካም ዘይቱ በሙቀት ስለሚታከም በመድኃኒት ቤት የሚሸጠው ዘይት ከዚህ ነፃ ነው። ቤት ውስጥ ሲወቀጥ ግን መርዙ በጭማቂው ድፍድፍ፣ በእጅና በዕቃው ላይ ይቀራል፤ ፍሬውን ያኘከ ሕፃንም ሊሞት ይችላል። ስለዚህ የተጣራና ለመድኃኒትነት የተዘጋጀ ዘይት መግዛት ብቸኛው አስተማማኝ መንገድ ነው።

መዓዛማ ዘይቶች፦ የባሕር ዛፍ፣ የናና ወይም የላቬንደር ዘይት በጣም የተከማቸ ስለሆነ ሳይቀጥን ፊት ላይ አይቀባም። ለ30 ሚሊ ሊትር 3 ጠብታ ከ0.5 በመቶ ገደማ ጋር እኩል ነው፤ ለፊት ከ1 በመቶ በላይ መሄድ አያስፈልግም። መዓዛማ ዘይት እየቆየ ሲሄድ አለርጂ የማስነሣት አቅሙ ይጨምራል። ቆዳው በቀላሉ ለሚቆጣ ሰው ጭራሽ ባይጨመር ይሻላል።

ጤና አዳምና ሎሚ፦ የጤና አዳም ቅጠልና በጭመቃ የተገኘ የሎሚ ልጣጭ ዘይት ፉራኖኩማሪን የተባሉ ንጥረ ነገሮች አሏቸው። እነዚህ ቆዳ ላይ ሳሉ ፀሐይ ሲያገኛቸው እንደ እሳት ቃጠሎ ያለ ቁስል፣ ከዚያም ለወራት የሚቆይ ጥቁር ነጠብጣብ ያስከትላሉ። ጠዋት ተላጭቶ ወደ ፀሐይ ለሚወጣ ሰው ሁለቱም አደገኛ ናቸው።

የቆዳ ሙከራ፦ ከመጀመሪያው አጠቃቀም በፊት አንድ ጠብታ በክንድ ውስጠኛ ክፍል ላይ ተቀብቶ እስከ 48 ሰዓት ይጠበቃል። መቅላት፣ ማሳከክ ወይም ማበጥ ከታየ ድብልቁ ፊት ላይ መዋል የለበትም።

የጋራ ዕቃ፦ ምላጭን መጋራት ሄፓታይተስ ቢንና ኤች አይ ቪን ጨምሮ በደም የሚተላለፉ በሽታዎችን ሊያዛምት ይችላል። ዘይት ይህን አይከላከልም። የጠርሙሱን አፍ በጣት ወይም በምላጭ መንካትም ድብልቁን ይበክላል።

አቀማመጥና ዕድሜ

ብርሃን፣ ሙቀትና አየር የዘይት ጠላቶች ናቸው። ጠርሙሱ በደንብ ተከድኖ በቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከመታጠቢያ ቤት እንፋሎት ርቆ ይቀመጣል። በትንሽ በትንሹ አዘጋጅቶ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ መጨረስ ይመከራል። ሽታው እንደ አሮጌ የምግብ ዘይት ከሆነ፣ ከደፈረሰ ወይም ከወትሮው በላይ ካጣበቀ ይጣላል። የተበላሸ ዘይት ቆዳን ያስቆጣል።

የመላጨት ብጉርና የዘይቱ ወሰን

በሕክምና ቋንቋ ሱዶፎሊኩላይቲስ ባርቤ የሚባለው የመላጨት ብጉር ጠጉራቸው ከርዳዳ በሆኑ ሰዎች፣ በተለይም በአፍሪካውያንና የአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ወንዶች ላይ በብዛት ይታያል። የተቆረጠው ጸጉር ሹል ሆኖ ሲቀር እየተጠመዘዘ ወደ ቆዳው ተመልሶ ይገባል፤ ሰውነትም እንደ ባዕድ ነገር ስለሚቆጥረው ያብጣል፣ ይቆጣል፣ ሲቆይም ጠባሳ ይተዋል። በአሜሪካ ጦር ውስጥ ይህ ችግር ያለባቸው ወታደሮች በሐኪም ማስረጃ ከመላጨት ነፃ ሲደረጉ ቆይተዋል።

የቅድመ መላጨት ዘይት ሰበቃን በመቀነስ የቆዳውን መቆጣት ሊያስታግስ ይችላል፤ የጸጉሩን ጥምዝምዝነት ግን አይለውጥም። ችግሩን በተሻለ የሚቀንሰው ቆዳን ወጥሮ አለመላጨት፣ ወደ በቀለበት አቅጣጫ አንድ ጊዜ ብቻ ማለፍ፣ ወይም ምላጩን ትቶ ጺሙን በቶንዶዝ 1 ሚሊ ሜትር ያህል አስቀርቶ መከርከም ነው። መግል የያዘ ወይም እየሰፋ የሚሄድ ቁስል ሲኖር ዘይት መቀባቱ ቆሞ የቆዳ ሐኪም መታየት አለበት።

ታሪክ

የጉሎ ዘይት አገልግሎት እጅግ ጥንታዊ ነው። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቶስ በ5ኛው መቶ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ግብፃውያን ከጉሎ ፍሬ ኪኪ የሚባል ዘይት እንደሚያወጡ ጽፏል። ተክሉ ራሱ የምሥራቅ አፍሪካ ተወላጅ እንደሆነ ይታመናል።

ቤት ውስጥ ራስን መላጨት በሰፊው የተለመደው አሜሪካዊው ኪንግ ካምፕ ጂሌት ተጥሎ የሚተካ ስለት ላለው መላጫ እ.ኤ.አ. በ1904 የፈጠራ ባለቤትነት ካገኘ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት በሠለጠነ እጅ ይያዝ የነበረው ምላጭ ወደ ብዙኃኑ እጅ ሲገባ ፊትን ለምላጩ የማዘጋጀት ኃላፊነትም አብሮ ወደ ተላጪው ተሸጋገረ። እ.ኤ.አ. በ1996 በኒው ዮርክ የተከፈተው ዘ አርት ኦፍ ሼቪንግ የተሰኘ ሱቅ የቅድመ መላጨት ዘይትን የመላጨት የመጀመሪያ ደረጃ አድርጎ በመሸጥ ምርቱን በስፋት አስተዋውቋል። በትንሽ ጠርሙስ በውድ ዋጋ የሚሸጠው ምርት በአብዛኛው ከተለመዱ የአትክልት ዘይቶች የተሠራ መሆኑ ሲታወቅ ቤት ውስጥ የማዘጋጀቱ ልማድም እየተስፋፋ መጥቷል።