የጽሕፈት ማዕከላት ታሪክና የውጤታማነታቸው ምክንያት

የዩኒቨርሲቲ የጽሕፈት ማዕከል ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን የተማሪ ስሕተት የሚታረምበት ክፍል ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ማዕከላቱ ውጤታማ የሆኑት ከዚህ አስተሳሰብ በመላቀቃቸው መሆኑን ከአሜሪካ ታሪክ በመነሣት ለማሳየት እሞክራለሁ።

ከቀደምቶቹ አንዱ በ1934 እ.ኤ.አ. ኬሪ ስታንሊ የተባሉት መምህርት በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የመሠረቱት የጽሕፈት ላቦራቶሪ ነው። በ1970 የኒውዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ የከተማዋን ሁለተኛ ደረጃ ላጠናቀቁ ሁሉ በሩን ሲከፍት፣ ለኮሌጅ ጽሕፈት ያልተዘጋጁ ብዙ ወጣቶች ገቡ። የብሩክሊን ኮሌጁ መምህር ኬኔት ብሩፊ እንዳስተዋሉት፣ ተማሪዎቹ የተዘጋጀላቸውን እርዳታ ይሸሹ ነበር፤ የመደበኛው ክፍል ቅጥያ ሆኖ ይታያቸው ነበርና። መፍትሔው የሠለጠነ ተማሪ ጓደኛውን እንዲረዳ ማድረግ ሆነ። በ1984 ደግሞ ስቲቨን ኖርዝ የማዕከሉ ተግባር ወረቀቱን ማቃናት ሳይሆን ጸሐፊውን ማብቃት ነው ሲሉ ተከራከሩ።

እንደ እኔ አስተያየት ምክንያቱ ሦስት ነው። ረዳቱ ማርክ ስለማይሰጥ ተማሪው ያልገባውን አይደብቅም። ረዳቱ «እዚህ ላይ ምን ለማለት ፈልገህ ነው?» ብሎ ሲጠይቀው፣ ተማሪው በመመለስ ላይ ሳለ ሐሳቡ ይጠራለታል። እስክሪብቶውም ከተማሪው እጅ አይወጣም።

እኛ መምህራን በቀይ ቀለም ሞልተን የምንመልሰው ወረቀት ስሕተትን ያሳያል፤ ነገር ግን ማርኩ ከተሰጠ በኋላ የሚደርስ ስለሆነ ተማሪው መልሶ አይጽፈውም። ስለዚህ ማዕከል ለማቋቋም አቅም ባይኖረን እንኳ፣ ተማሪው ከማርክ በፊት ረቂቁን ይዞ የሚቀርብበት አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ማዘጋጀት አያቅተንም።