ሰፊው ምስልና ጠባቡ ግቢ፡- አናሞርፊክ አዳፕተር በላሊበላ

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሚረርለስ የሚባሉት አነስተኛ ካሜራዎች በሀገራችን የሠርግ፣ የሙዚቃ ክሊፕና የዘጋቢ ፊልም ቀራጮች እጅ በብዛት ገብተዋል፡፡ ስማቸው እንደሚያመለክተው በቀደሙት የፎቶግራፍ ካሜራዎች ውስጥ የነበረው መስታወት የላቸውም፡፡ ለመያዝ ቀላል ናቸው፤ በደብዛዛ ብርሃን ጥሩ ምስል ይሰጣሉ፤ ዋጋቸውም ከትላልቆቹ የሲኒማ ካሜራዎች ጋር አይወዳደርም፡፡ ከካሜራዎቹ ጋር አብሮ የመጣ አንድ ፍላጎት ደግሞ አለ፡፡ ይኸውም በሲኒማ ቤት እንደሚታየው ፊልም ወደ ጎን የተዘረጋ ምስል ማግኘት ነው፡፡ ለዚህ ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች አንዱ አናሞርፊክ አዳፕተር ይባላል፡፡

ይህንን መሣሪያ ይዘው ሊሄዱባቸው ከሚያጓጉ ሥፍራዎች መካከል ላሊበላና የላስታ ተራሮች ይገኙበታል፡፡ ሆኖም ሥፍራውና መሣሪያው ሁልጊዜ አይስማሙም፡፡ በተለይ በገና በዓል ያመለጠ ምስል ዳግም የሚገኘው ከዓመት በኋላ በመሆኑ፣ ችግሮቹን ከጉዞ በፊት ማወቅ ይበጃል፡፡ ይህ ጽሑፍ ችግሮቹ ከምን እንደሚመነጩና እንዴት እንደሚቀነሱ ያብራራል፡፡

አዳፕተሩ ምን ይሠራል?

አናሞርፊክ ሌንስ ምስሉን ከግራና ከቀኝ ጨምቆ ወደ ካሜራው ያስገባል፡፡ በሚታይበት ጊዜ ተመልሶ ሲለጠጥ ሰፊ ምስል ይሆናል፡፡ የዘዴው አባት ፈረንሳዊው ኦንሪ ክሬቲየን ሲሆን፣ ሃይፐርጎናር የተሰኘውን ሌንሱን የሠራው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ነው፡፡ ትዌንቲዝ ሴንቸሪ ፎክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ዘዴውን ሲኒማስኮፕ ብሎ እ.ኤ.አ. በ1953 “ዘ ሮብ” በተባለው ፊልም ለሕዝብ አቀረበ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1973 ለዕይታ የበቃውና ከፊሉ በኢትዮጵያ የተቀረጸው “ሻፍት ኢን አፍሪካ”ም የዚሁ የሰፊ ስክሪን ዘመን ሥራ ነው፡፡

አዳፕተሩ ግን ራሱን የቻለ ሌንስ አይደለም፡፡ ካሜራው ላይ ከተገጠመው የተለመደ ሌንስ ፊት ይታሰራል፡፡ ሁለት እጥፍ ከሚጨምቁት ብዙዎቹ ቀድሞ በሲኒማ ቤት ፕሮጀክተሮች ላይ ያገለግሉ የነበሩ ሲሆኑ፣ የጃፓኑ ኮዋ ከሚታወቁት አንዱ ነው፡፡ ለቪዲዮ ተብለው የተሠሩት፣ ለምሳሌ ኤስኤልአር ማጂክ ያወጣው አናሞርፎት፣ 1.33 እጥፍ የሚጨምቁ አሏቸው፡፡

ልዩነቱ ቀላል አይደለም፡፡ የተለመደው የቪዲዮ ምስል 16 ለ 9 ነው፤ ስፋቱ የቁመቱ 1.78 እጥፍ ማለት ነው፡፡ ይህ በ1.33 ሲባዛ 2.37 ይሆናል፤ ሲኒማ ቤት ከሚታየው 2.39 ጋር ይቀራረባል፡፡ በ2 ሲባዛ ግን 3.56 ይደርስና ምስሉ እንደ መቀነት ይቀጥናል፡፡ ስለዚህ ሁለት እጥፍ የሚጨምቅ አዳፕተር 4 ለ 3 የሚቀርጽ ካሜራ ይፈልጋል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2017 ለገበያ የቀረበው የፓናሶኒክ ጂኤች5 ይህን አገልግሎት ካካተቱት አንዱ ነው፡፡ በዚህ አሠራር የሚገኘው ምስል 2.67 ይሆናል፡፡ አዳፕተር ለመግዛት የሚያስብ ሰው በመጀመሪያ ካሜራው 4 ለ 3 መቅረጽ መቻሉን ያረጋግጥ፡፡

የት ይቆማል?

ትልቁ ችግር ከካሜራው ሳይሆን ከሥፍራው ይመጣል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት 11ዱ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ወደ ታች ተፈልፍለው የተሠሩ ናቸው፡፡ አናሞርፊክ ምስል ደግሞ ወደ ጎን ይዘረጋል እንጂ ወደ ላይ አይጨምርም፡፡

ነገሩን በቁጥር ማየት ይቻላል፡፡ ሁለት እጥፍ የሚጨምቁት የፕሮጀክተር አዳፕተሮች፣ ሙሉ ፍሬም በሚባለው ሴንሰር ላይ ከ85 ሚሊ ሜትር ባነሰ ሌንስ ሲገጠሙ አብዛኛውን ጊዜ የምስሉ ጠርዝ ይጠቁራል፡፡ በ85 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከ5 ሜትር ርቀት ላይ ሲቀረጽ፣ በ16 ለ 9 ምስል ውስጥ የሚገባው ቁመት 1.2 ሜትር ያህል ብቻ ነው፡፡ ቁመቱ 12 ሜትር ገደማ የሆነውን ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ እስከ ታች ለማስገባት 50 ሜትር ወደኋላ መሄድ ያስፈልጋል፡፡ በጉድጓዱ ውስጥ ይህን ያህል ቦታ የለም፡፡ ከጉድጓዱ ወጥቶ በዚያ ርቀት የሚቆም ሰው ደግሞ፣ ጣሪያው ከዙሪያው መሬት ጋር የተስተካከለ ስለሆነ የሚያየው ጥቂት ነው፡፡ ያለ አዳፕተር በ24 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከ5 ሜትር ርቀት 4.2 ሜትር ቁመት ይገባል፤ ሦስት እጥፍ ተኩል ማለት ነው፡፡

ርዝመቱ 33 ሜትር ገደማ፣ ቁመቱ 11 ሜትር ገደማ የሆነው ቤተ መድኃኔዓለም በቅርጹ ለሰፊ ምስል የተመቸ ይመስላል፡፡ ነገር ግን በዙሪያው ያለው ግቢም ወደኋላ ለመራቅ አያስችልም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2008 የተተከሉት መጠለያዎች ባሉበት ሥፍራ ደግሞ ሰፊው ምስል የብረት ምሰሶዎቹን ጭምር ያስገባል፡፡

ሁለት ፎከስ፣ አንድ ቀራጭ

አዳፕተር ሲታሰር የሚስተካከለው ፎከስ ሁለት ይሆናል፤ አንዱ የሌንሱ፣ ሌላው የአዳፕተሩ፡፡ ሁለቱም በአንድ ርቀት ላይ ካልተስማሙ ምስሉ አይጠራም፡፡ ሚረርለስ ካሜራዎች የሚመሰገኑበት አውቶፎከስም እዚህ ላይ አይረዳም፡፡ ሌንሱን ቢያንቀሳቅስም አዳፕተሩን አያንቀሳቅሰውምና፡፡ መቋሚያ ይዞ ወደ ካሜራው የሚመጣን ካህን ለመከተል ሁለት ቀለበቶችን እኩል ማዞር ግድ ይላል፡፡

መፍትሔው ሁለት ነው፡፡ አንደኛው ከአዳፕተሩ ፊት የሚታሰር ነጠላ የፎከስ መሣሪያ ነው፡፡ ሌንሱና አዳፕተሩ በማያልቅ ርቀት ላይ ይቆለፉና የፊተኛው ቀለበት ብቻ ይዞራል፡፡ ጉዳቱ ክብደት መጨመሩ ነው፡፡ ሁለተኛው ርቀትን አስቀድሞ መወሰን ነው፤ ቀራጩ የፎከሱን ርቀት ይዞ ሰዎች ወደዚያ ሥፍራ እስኪደርሱ ይጠብቃል፡፡ ብዙዎቹ አሮጌ አዳፕተሮች ከ1.5 ወይም ከ2 ሜትር በታች ስለማያጠሩ፣ የእጅ መስቀልን ወይም የብራና ገጽን በቅርብ ለመቅረጽ ዲዮፕተር የሚባል ተጨማሪ መነጽር ያስፈልጋል፡፡ ለምሳሌ ሁለቱም ቀለበቶች በማያልቅ ርቀት ላይ ሆነው 0.5 ዲዮፕተር ቢታሰር ፎከሱ 2 ሜትር ላይ ይሆናል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ርቀቱ ያጥራል፡፡

የተጣመመ ምስል

አዳፕተሩ በትክክል ቀጥ ብሎ ካልታሰረ ምስሉ ሲለጠጥ ሰዎች ወደ አንድ ጎን ያጋደሉ ይመስላሉ፡፡ በከተማ ቀራጮች የሕንፃ ጠርዝ እያዩ ያስተካክላሉ፡፡ በላሊበላ ግን ግድግዳው በእጅ የተጠረበ አለት በመሆኑ ቀጥተኛ መስመር ነው ብሎ መተማመን አያዋጣም፡፡ የሚሻለው የሞባይል ስልክ መብራት ወደ ሌንሱ ማብራት ነው፡፡ አናሞርፊክ ሌንስ በደማቅ መብራት ፊት የሚፈጥረው ረዥም የብርሃን ሰረዝ ከምስሉ ታችኛ ጠርዝ ጋር ትይዩ ከሆነ አዳፕተሩ ተስተካክሏል፡፡ ካሜራው በተነካ ቁጥር ይህን መድገም ያስፈልጋል፡፡

በዋሻ ውስጥ የተሠራው ይምርሐነ ክርስቶስ ሌላ ፈተና አለው፡፡ ግድግዳው እንጨትና ነጭ ልስን እየተፈራረቁ የተደረደሩበት በመሆኑ አግድም መስመር የበዛበት ነው፡፡ አዳፕተሮች በምስሉ ጠርዝ አካባቢ መስመሮችን ስለሚያጎብጡ፣ ቀጥ ያለው ግድግዳ የጎበጠ ሊመስል ይችላል፡፡ ሕንፃውን ለመዝገብ የሚቀርጽ ሰው አዳፕተሩን ቢፈታ ይመረጣል፡፡

ጨለማና ፀሐይ

አብዛኛዎቹ አዳፕተሮች የጠራ ምስል የሚሰጡት አፐርቸሩ ወደ ኤፍ 4 ሲጠብ ነው፡፡ ከኤፍ 1.8 ወደ ኤፍ 4 መሄድ የሚገባውን ብርሃን ወደ አንድ አምስተኛ ይቀንሰዋል፡፡ በ800 አይኤስኦ ሊቀረጽ የሚችል የቤተ መቅደስ ውስጥ ምስል 4,000 አይኤስኦ ይጠይቃል ማለት ነው፤ ይህም በጨለማው ክፍል ላይ ነጠብጣብ ያመጣል፡፡

ውጭ ላይ ችግሩ ይገለበጣል፡፡ የሀገራችን የኤሌክትሪክ መብራት 50 ኸርዝ በመሆኑ፣ የመብራት መርገብገብን ለማስቀረት በሴኮንድ 25 ፍሬም በ1/50 ሹተር መቅረጽ ይመከራል፡፡ በጠራራ ፀሐይ በ100 አይኤስኦና በኤፍ 4 ይህን ለማድረግ፣ ብርሃኑን 32 ጊዜ ያህል የሚቀንስ ኤንዲ ፊልተር ያስፈልጋል፡፡ የብዙ አሮጌ አዳፕተሮች ፊት የተለመደ የፊልተር ጥርስ የለውምና ማሠሪያውን አስቀድሞ ማዘጋጀት ይገባል፡፡

ባትሪ፣ አቧራና መንቀጥቀጥ

የሚረርለስ ካሜራ ስክሪን ሁልጊዜ ስለሚበራ ባትሪ ቶሎ ይጨርሳል፡፡ የቀደሙት የሶኒ ሞዴሎች ባትሪ 1,020 ሚሊአምፒር ሰዓት ብቻ ሲይዝ፣ የኋለኞቹ 2,280 ይይዛል፡፡ ከፍታዋ 2,500 ሜትር በሚያህል ከተማ ሌሊቱን ለሚቆም ቀራጭ ቅዝቃዜውም ባትሪውን ያዳክማል፡፡ መለዋወጫ ባትሪዎችን በውስጥ ኪስ መያዝ ይረዳል፡፡ በኤሌክትሪክ ላይ ብቻ መተማመንም አይገባም፤ ላሊበላ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ በጦርነቱ ከተያዘች በኋላ ለረዥም ጊዜ ያለ መብራት መቆየቷ ይታወሳል፡፡ በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው መለዋወጫ ባትሪና ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ እንደማይፈቀድ ያስታውስ፡፡ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያዘውም እስከ 100 ዋት ሰዓት ድረስ ያለው ነው፡፡

የገና ወቅት በጋ በመሆኑ አቧራ ይበዛል፡፡ ሚረርለስ ካሜራ መስታወት ስለሌለው ሌንስ ሲፈታ ሴንሰሩ በአብዛኛው ተጋልጦ ይቀራል፡፡ ሌንስ መቀየር የሚሻለው በማደሪያ ክፍል ውስጥ ወይም ካሜራውን ወደ ታች ደፍቶ ነው፡፡

በካሜራው ውስጥ ያለው የመንቀጥቀጥ መከላከያም ሊያስቸግር ይችላል፡፡ ሥርዓቱ ሌንሱ ወደ ጎንና ወደ ላይ እኩል እንደሚያይ አድርጎ ስለሚያሰላ፣ በአናሞርፊክ ምስል ላይ እንግዳ መወላገድ ያስከትላል፡፡ ካሜራው ለአናሞርፊክ የተለየ ማስተካከያ ከሌለው መከላከያውን አጥፍቶ ካሜራውን በአንድ እግር መቆሚያ መደገፍ ይሻላል፡፡

አዳፕተሩ የሚክስበት ቦታ

እስካሁን የተባለው አዳፕተሩን ትቶ መሄድ ነው የሚያሰኝ ሊመስል ይችላል፡፡ ነገር ግን ላሊበላና ላስታ ወደ ጎን የተዘረጋም ብዙ ነገር አላቸው፡፡ በገና ዕለት ማለዳ በቤተ ማርያም የሚቀርበው ቤዛ ኩሉ ዋነኛው ነው፡፡ ካህናቱ በማሜ ጋራ ጠርዝ ላይ ተደርድረው፣ ሌሎቹ ደግሞ ከታች በግቢው ሆነው ሲያሸበሽቡ የሚፈጠረው ረዥም ረድፍ ለሰፊ ምስል የተሰጠ ነው፡፡ ከጠርዙ ማዶ ቦታ የያዘ ቀራጭ ርቀቱ ስለማይለዋወጥ የሁለት ፎከስ ጣጣም ይቀልለታል፡፡ በዋዜማው ሌሊት በምዕመናን እጅ የሚበራው ጧፍ ከፎከስ ውጪ ሲሆን ሞላላ ሆኖ የሚታየውም በዚህ ሌንስ ነው፡፡ 4,260 ሜትር ከፍታ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራና ዙሪያው ያሉት አምባዎችም ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ሲቀረጹ አዳፕተሩን መሸከም የሚያስቆጭ አይሆንም፡፡

ገናው ብዙውን ጊዜ ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ግን ታኅሣሥ 28 እንደሚውል በዕቅድ ውስጥ መያዝ አለበት፡፡ ከሁለት ቀን በፊት ደርሶ ቦታ ማየትና አዳፕተሩን ማስተካከል፣ በሰዓቱ ደግሞ አለመነካካት ነው ዘዴው፡፡ በአገልግሎት መካከል መሣሪያ የሚፈታና የሚያስር ሰው ጸሎተኛውን ያውካል፡፡ የቀረጻ ፈቃድን ከቤተ ክርስቲያኑ አስተዳደርና ከሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች አስቀድሞ መጨረስ፣ የጉዞውን ፀጥታ ሁኔታም ማጣራት ያስፈልጋል፡፡

ሌሎች አማራጮች

ሰፊ ምስል የሚገኘው በአዳፕተር ብቻ አይደለም፡፡ በ3,840 በ2,160 ፒክስል የተቀረጸ ምስል ከላይና ከታች ሲቆረጥ በ2.39 ስፋት 1,607 መስመር ይቀረዋል፤ ለተለመደው 1,080 ማሳያ ይበቃል፡፡ ሞላላው ጧፍና የብርሃን ሰረዙ ግን አይገኙም፡፡ ከእ.ኤ.አ. 2020 ወዲህ ሲሩዪን የመሳሰሉ ኩባንያዎች ለሚረርለስ ያወጧቸው አናሞርፊክ ሌንሶች ራሳቸውን የቻሉና አንድ ፎከስ ብቻ ያላቸው ናቸው፡፡ አውቶፎከስ የሌላቸው ቢኖሩም የማሰርና የማስተካከል ጣጣን ያስቀራሉ፡፡

በኤዲቲንግ ጊዜ ደግሞ አንድ ነገር መርሳት አይገባም፡፡ በ3,328 በ2,496 ፒክስል የተቀረጸ የሁለት እጥፍ ምስል ስፋቱ ወደ 6,656 ሊለጠጥ ወይም ቁመቱ ወደ 1,248 ሊቀነስ ይችላል፡፡ ሁለተኛው መንገድ ለኮምፒዩተሩ ይቀላል፡፡ በአዳፕተርና ያለ አዳፕተር የተቀረጹትን በተለያየ ፎልደር ማስቀመጥም የማያስፈልገው ምስል በስህተት እንዳይለጠጥ ያደርጋል፡፡

በአጭሩ፣ አዳፕተር ይዞ ወደ ላሊበላ የሚሄድ ባለሙያ አንድ ሰፊ ማዕዘን ያለው ተራ ሌንስም በሻንጣው ይያዝ፡፡ ጠርዝ ላይና ተራራ ላይ ሲቆም አዳፕተሩን ይሰር፤ ወደ ፍልፍሉ ሲወርድ ይፍታ፡፡