ያረጀ ኮምፒዩተር መቼ ይታደሳል?

በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተጻፈ

ለበዓሉ መጽሔት የታሪክ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ በታዘዝሁ ጊዜ ጓደኞቼ ስለ ነገሥታት ወይም ስለ ጦርነት የምጽፍ መስሏቸው ነበር። እኔ ግን በየቀኑ ስለምናያቸው ስለ ትምህርት ቤታችን አሮጌ ኮምፒዩተሮች መጻፍን መረጥሁ። ዕቃም እንደ ሰው የራሱ ታሪክ አለውና፤ ታሪኩን ያላወቀ ሰው መቼ ሊያድሰው፣ መቼስ ሊተወው እንደሚገባ በትክክል ሊፈርድ አይችልም።

ይህን ነገር ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለአንዳንድ ተማሪዎች በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሯል። እኛ ደግሞ በአሶሳ ከተማ የምንማር ልጆች ብዙዎቻችን በቤታችን ኮምፒዩተር የለንም። በትምህርት ቤታችን ክፍል ውስጥ ከነበሩት 14 ኮምፒዩተሮች ባለፈው ዓመት የሚሠሩት 6 ብቻ ነበሩ። አንዱን ለአምስት ሆነን ስንከብበው መዳፊቱን የሚይዘው አንድ ነው፤ የቀሩት አራቱ ተመልካቾች ናቸው። ወላጆች ገንዘብ ባዋጡ ጊዜ ሁለት አሳብ ተነሣ። ግማሾቹ «አሮጌዎቹ ይጣሉና ጥቂት አዲስ ይገዛ» አሉ፤ ግማሾቹ ደግሞ «ይጠገኑ» አሉ። ከሁለቱ የትኛው ትክክል እንደ ሆነ ለመመርመር ወደ ኋላ ተመልሶ ታሪኩን ማየት ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገሩን ታሪክ በአውሮፓ አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.)፣ የአገራችንን በኢትዮጵያ አቆጣጠር (ዓ.ም.) አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው ዘመን፤ ማሽኑ ቶሎ የሚያረጅበት

በ1965 እ.ኤ.አ. ጎርደን ሙር የተባለ አሜሪካዊ በአንዲት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቅንጣት ላይ የሚገጠሙት ክፍሎች ብዛት በየዓመቱ እጥፍ እየሆነ እንደሚሄድ ጻፈ። በ1975 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሳቡን አርሞ በየሁለት ዓመቱ እጥፍ ይሆናል አለ። እርሱ ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ የሆነበት ኢንቴል የተባለው ድርጅት በ1971 እ.ኤ.አ. ያወጣው የመጀመሪያው ፕሮሰሰር 2,300 ያህል ትራንዚስተሮች ነበሩት፤ ዛሬ በአንድ ፕሮሰሰር ላይ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ይገኛሉ።

በነሐሴ ወር 1981 እ.ኤ.አ. አይቢኤም የግል ኮምፒዩተሩን አወጣ። የሞዴሉ ቁጥር 5150 ነበረ። ይህን ቁጥር ባነበብሁ ጊዜ ተገረምሁ፤ በክልላችን በጉባ ወረዳ የተሠራው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የሚያመነጨው ኀይልም 5,150 ሜጋዋት ነውና። ነገሩ አጋጣሚ ብቻ ነው፤ ቁጥሩን ግን ከእንግዲህ አልረሳውም። የዚያ ኮምፒዩተር ትልቁ ቁም ነገር ፍጥነቱ አልነበረም። አይቢኤም በውስጡ አምስት ባዶ የመግጠሚያ ቦታዎች ትቶ ነበር፤ የአሠራሩንም ዝርዝር በመጽሐፍ አሳትሞ ለሕዝብ አቀረበው። ስለዚህ ሌሎች ድርጅቶች ለእርሱ የሚስማሙ ዕቃዎችን፣ ቈይተውም ሙሉ ኮምፒዩተሮችን መሥራት ቻሉ። እኛም ዛሬ የአንዱን ድርጅት ሚሞሪ በሌላው ድርጅት ማሽን ላይ ለመግጠም የምንችለው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚያ ዘመን ግን ማሽን በሦስትና በአራት ዓመት ያረጅ ነበር። ዊንዶውስ 95 ለመሥራት ቢያንስ 4 ሜጋባይት ሚሞሪ ይበቃው ነበር። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤክስፒ 64 ሜጋባይት ጠየቀ። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ዊንዶውስ 11 ደግሞ 4 ጊጋባይት፣ ማለት ከዊንዶውስ 95 አንድ ሺህ ጊዜ የሚበልጥ ሚሞሪ ይጠይቃል።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከዚህ ሌላ ተጨማሪ ምክንያት ነበረ፤ እርሱም ፊደላችን ነው። ቀድሞ የግዕዝን ፊደል በኮምፒዩተር ለመጻፍ የተዘጋጁት ሶፍትዌሮች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አሠራር ስለ ነበራቸው በአንዱ መሥሪያ ቤት የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይወጣ ነበር። ፊደላችን ዩኒኮድ ወደሚባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፊደል አብሮ ይዞ መጣ። ነገር ግን ቪስታ ቢያንስ 512 ሜጋባይት ሚሞሪ ይፈልግ ነበር። እንግዲህ ለአማርኛ ጸሐፊ ማሽን ማደስ የቅንጦት ነገር አልነበረም፤ በገዛ ፊደሉ ለመጻፍ የሚከፍለው ዋጋ ነበር።

ሁለተኛው ዘመን፤ ማሽኑ ሳይሞት የሚተውበት

ከ2005 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ ነገሩ ተለወጠ። የፕሮሰሰር ፍጥነት ሲጨምር ሙቀቱም ከልክ በላይ እየጨመረ ስላስቸገረ የፍጥነቱ ዕድገት ዘገየ። ስለዚህ በ2012 እ.ኤ.አ. የተሠራ ኮምፒዩተር ለጽሑፍ፣ ለሒሳብ ሠንጠረዥና ለንባብ ዛሬም ይበቃል። ዘገምተኛ የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ ፕሮሰሰሩ ሳይሆን እየተሽከረከረ የሚያነብበው ሃርድ ዲስክ ነው። የሚሽከረከር ነገር የሌለበት ኤስኤስዲ የሚባለው ዲስክ በምትኩ ሲገባ ያው አሮጌ ማሽን እንደ አዲስ ይነቃል።

ዛሬ ማሽንን የሚያስረጀው የሶፍትዌሩ ድጋፍ መቋረጥ ነው። የኤክስፒ ድጋፍ በ2014 እ.ኤ.አ.፣ የዊንዶውስ 7 በ2020 እ.ኤ.አ. አበቃ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ከ2017 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠሩትን ፕሮሰሰሮች በአብዛኛው አይቀበልም። ስለዚህ ጤነኛ የሆነ ማሽን «ዘመንህ አልፏል» ይባላል። መፍትሔው ግን መጣል ብቻ አይደለም። ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሊኑክስ ያለ ክፍያ ይገኛል፤ በአሮጌ ማሽንም ላይ ይሠራል፤ ፊደላችንንም ያውቃል።

በእኛ ክፍል የሆነው

አሁን ወደ ራሳችን ታሪክ ልመለስ። መጀመሪያ የሠራነው ሥራ ስሕተት ነበረ። ማሽኖቹን ሳንከፍት «ሚሞሪ ያንሳቸዋል» ብለን ከአዲስ አበባ አራት ሚሞሪዎች አስመጣን። ዕቃው ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ ተጉዞ ሲደርስ አልገጥም አለ። የተላከልን ዲዲአር4 ነበረ፤ የእኛ ማሽኖች የሚቀበሉት ግን ዲዲአር3 ነው። በሚሞሪው ጠርዝ ላይ ያለው ቁርጥ በሁለቱ ዓይነቶች በተለያየ ቦታ ስለ ሆነ አንዱ በሌላው ቦታ ሊገባ አይችልም። ሻጩም መልሼ አልቀበልም አለ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው። የጠፋው ገንዘብ የወላጆቻችን ስለ ነበር እጅግ አፈርን።

ከዚያ በኋላ በመምህራችን መሪነት የቆሙትን 8 ማሽኖች አንድ በአንድ ከፈትናቸው። የአሶሳ የበጋ ቀይ አቧራ ማራገቢያዎቹን ሞልቶ ነበር። ሦስቱ የማይነሡት የሚሞሪያቸው ጥርስ ስለ ቆሸሸ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ያ ጥርስ በስሱ ወርቅ የተቀባ ነው፤ ወርቅ ታጥቦ በሚወጣበት አገር ተወልደን በማሽናችን ውስጥ ያለውን ወርቅ አለማወቃችን አሳቀን። በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብለን አሸነውና ተነሡ።

የሌሎች ሁለት ማሽኖች ሰዓት በተከፈቱ ቍጥር ወደ 2012 እ.ኤ.አ. ይመለስ ነበር። አንዱ ጓደኛችን «የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ተቀብለዋል» ብሎ ቀለደ፤ ማሽኖቹ ግን ከእኛም አቆጣጠር ወደ ኋላ ቀርተው ነበር። ቀኑ ስለ ተሳሳተ ድረ ገጾች አንከፈትም ይሉ ነበርና ኢንተርኔት የተበላሸ መስሎን ነበር። ጥፋቱ የሳንቲም መጠን ያላት፣ ሲአር2032 የምትባል ባለ 3 ቮልት ባትሪ ማለቋ ነው። ሁለቱ ደግሞ መብራት ሄዶ ሲመለስ ፓወር ሰፕላያቸው ተቃጥሏል። የመጨረሻው ማዘርቦርዱ ስለ ሞተ አልዳነም፤ እርሱ ግን ደኅና ፓወር ሰፕላዩን ለአንዱ ወንድሙ ሰጠ። ለሌላው አንድ ፓወር ሰፕላይ ገዛን። በዚህ ዓይነት የሚሠሩት ከ6 ወደ 13 ደረሱ። ከቀረው ገንዘብ እጅግ ለዘገዩት ኤስኤስዲ፣ ለሁሉም በጋራ የሚሆን ስታቢላይዘር ተገዛ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው

አንደኛ፣ ከመግዛት በፊት መመርመር ይገባል። ማሽኑ ሲዘገይ የሥራ መቆጣጠሪያውን ከፍቶ ዲስኩ፣ ሚሞሪው ወይስ ፕሮሰሰሩ መቶ በመቶ እንደ ተያዘ ማየት ነው፤ የታመመው ክፍል እርሱ ነውና። ሁለተኛ፣ ወደ ሚቀጥለው ማሽን ሊዛወር የሚችለውን ዕቃ ማስቀደም ይሻላል። ኤስኤስዲ ይዛወራል፤ ዲዲአር3 ሚሞሪ ግን ከአሮጌው ማዘርቦርድ ጋር ይቀራል። ሦስተኛ፣ አዲስ ፕሮሰሰር አዲስ ማዘርቦርድን፣ አዲስ ማዘርቦርድም አዲስ ሚሞሪን የሚያስገዛ ከሆነ፣ ወይም የጥገናው ዋጋ የሌላ ደኅና ማሽን ዋጋ እኩሌታ ከደረሰ፣ ያን ጊዜ መተው ነው። ከዚያ በፊት አዲስ መግዛት ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆናል።

አራተኛው ለታሪክ ተማሪ የሚስማማ ነው። ማሽኖቹን በከፈትን ጊዜ መቼ እንደ ተገዙ፣ ምን እንደ ተለወጠላቸው የሚናገር አንድም ጽሑፍ አላገኘንም። ያ መዝገብ ቢኖር ኖሮ አራቱን ሚሞሪዎች በከንቱ ባልገዛን ነበር። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ማሽን አንድ ገጽ ሰጥተን ደብተር ከፍተናል፤ በመጀመሪያው ገጽ ስሕተታችንን ሳንደብቅ ጽፈነዋል።

«አዲስ ይገዛ» ያሉት ወላጆች ፈጽሞ ተሳስተዋል ማለቴ አይደለም። እነዚህ 13 ማሽኖችም አንድ ቀን ያበቃላቸዋል፤ ያን ጊዜ አዲስ መግዛት ግዴታ ይሆናል። የሕዳሴው ግድብ መሠረት መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። እንግዲህ ኀይሉ በክልላችን ይመነጫል፤ በዚያ ኀይል የሚሠራውን ማሽን መያዝና ማወቅ ግን የእኛ ፈንታ ነው። እኔ ዘንድሮ ተፈትኜ እሄዳለሁ፤ ደብተሩ ግን በመምህራችን ጠረጴዛ ላይ ይቀራል። ታናናሾቼ ሆይ፣ ማሽን በከፈታችሁ ቍጥር ቀኑን መጻፍ አትርሱ።