የሙልታን የፀሐይ ቤተ መቅደስና በዓላቱ በቀደምት ሙስሊም ጸሐፊዎች ምስክርነት

ዛሬ በፓኪስታን ፑንጃብ ግዛት የምትገኘው ሙልታን በጥንት ዘመን ከታወቁት የሂንዱ የአምልኮ ማዕከላት አንዷ ነበረች። ዝናዋም የመነጨው «አዲትያ» በሚል ስም ፀሐይ ይመለክበት ከነበረው ቤተ መቅደስ ነው። ሙስሊሞች ወደ ከተማዋ በገቡ ጊዜ ስለሆነው ነገር ሁለት ትረካዎች ይዘወተራሉ፤ አንደኛው ጣዖቱ በፈትሑ ዕለት ተሰበረ ሲል፣ ሁለተኛው ሠራዊቱ ማንንም ሳይነካ በሰላም ገባ ይላል። ቀደምት ጸሐፊዎቻችን የመዘገቡት ግን ከሁለቱም የተለየ ነው።

በኡመውያው ኸሊፋ በአል-ወሊድ ኢብኑ ዐብዱል መሊክ ዘመን ሙሐመድ ኢብኑል ቃሲም አስ-ሰቀፊ ሲንድን አልፎ እ.ኤ.አ. በ713 ገደማ ሙልታንን ያዘ። አል-በላዙሪ «ፉቱሑል ቡልዳን» በተሰኘው ሥራው እንደሚተርከው፣ ተዋጊዎቹ ተገደሉ፤ 6,000 የቤተ መቅደሱ አገልጋዮች ተማረኩ፤ በስእለት የተከማቸው ወርቅም ተወሰደ። ይኸው ጸሐፊ የሲንድ ሰዎች ወደ ጣዖቱ ተጉዘው እንደሚዞሩትና በዚያም ጸጉራቸውንና ጢማቸውን እንደሚላጩ ሲገልጽ፣ ለጉዞው የመረጠው ቃል «ሐጅ» ከሚለው ሥር የወጣ ነው። አዛዡ ቀደም ሲል በአር-ሩር ከተማ የአገሬውን የጣዖት ቤት ከክርስቲያኖች ቤተ ክርስቲያን፣ ከአይሁዶች ምኩራብና ከመጁሶች የእሳት ቤት ጋር አንድ አድርጎ እንደቆጠረም ዘግቧል። ይህ ንጽጽር የአገሩ ሕዝብ ግብር እየከፈለ በሃይማኖቱ እንዲኖር መንገድ ጠርጓል።

የሙልታን ጣዖት በስፍራው ቀረ። አል-ቢሩኒ ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ አዛዡ የከተማዋ ብልጽግና ከየአቅጣጫው ወደ ጣዖቱ ከሚመጡት ተጓዦች የሚገኝ መሆኑን በመረዳቱ ነው ይላል። ሆኖም ለማላገጥ የላም ሥጋ በጣዖቱ አንገት ላይ አንጠለጠለ፤ በስፍራውም መስጂድ ሠራ። በ10ኛው ክፍለ ዘመን የጻፉት አል-ኢስጠኽሪና ኢብኑ ሐውቀል ደግሞ ቤተ መቅደሱ በገበያው እምብርት፣ በዝሆን ጥርስ ነጋዴዎችና በመዳብ አንጥረኞች ተራ መካከል እንደነበር ይነግሩናል። ስጦታውን የሚረከበው የሙልታን አሚር ሲሆን፣ ለአገልጋዮቹም ከዚያው ወጪ ያደርግላቸው ነበር። የህንድ ነገሥታት በዘመቱ ጊዜ ጣዖቱ ይወጣና እንሰብረዋለን፣ እናቃጥለዋለን ተብሎ ይዛትበታል፤ እነርሱም ይመለሳሉ። እንግዲህ ቤተ መቅደሱን ያቆየው የመብት አክብሮት ብቻ አልነበረም፤ የገቢ ምንጭና የጦር መያዣም ነበር።

አል-ቢሩኒ እ.ኤ.አ. በ1030 ገደማ በጻፈው «ተሕቂቁ ማ ሊል ሂንድ» የሂንዶችን እምነት ከባለቤቶቹ አፍና ከሳንስክሪት መጻሕፍታቸው ወስዶ አቅርቧል። ሥራው የሙግት መጽሐፍ እንዳልሆነ በመግቢያው ገልጾ፣ ለበዓላት ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጥቷል። «ያትራ» ማለት በመልካም ገድ የሚደረግ ጉዞ እንደሆነና በዓልም በዚሁ ስም እንደሚጠራ ያብራራል። የሙልታን ሰዎች ለፀሐይ ክብር የሚያደርጉት በዓል «ሳምባፑራ ያትራ» ይባላል። ዛሬ ዲዋሊ የምንለውን «ዲባሊ» ሲገልጽም፣ ሰዎች ታጥበውና አጊጠው የቢትል ቅጠልና የአሬካ ፍሬ ይሰጣጣሉ፤ ወደ ቤተ መቅደስ ሄደው ይመጸውታሉ፤ በሌሊትም በየስፍራው መብራት ያበራሉ ይላል። በዚህ ሁሉ ስድብ የለም፤ አል-ቢሩኒም በተውሒድ እምነቱ ላይ ያጎደለው አንዳች ነገር የለም።

ጣዖቱን በመጨረሻ የሰበረው፣ ቀራሚጣዎች ሙልታንን በያዙ ጊዜ የገዛት ጀለም ኢብኑ ሸይባን ነው። አል-ቢሩኒ እንደሚለው አገልጋዮቹን ገደለ፤ ለኡመውያዎች ካለው ጥላቻ የተነሣም በዘመናቸው የተሠራውን መስጂድ ዘግቶ መኖሪያውን መስጂድ አደረገ። ሱልጣን መሕሙድ አል-ገዝነዊ ቀራሚጣዎችን ካስወገደ በኋላ ጁምዓን ወደ ቀድሞው መስጂድ መለሰ፤ የጀለም መስጂድም ፈርሶ በአል-ቢሩኒ ዘመን የሂና ቅጠል የሚታሰርበት አውድማ ሆኖ ነበር። ጣዖት የሰበረው እጅ መስጂድንም የዘጋ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ጉዳዩ የጥንት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1992 በአዮድያ የባብሪ መስጂድ በፈረሰ ጊዜ፣ በሙልታን ከሸይኽ በሃኡዲን ዘከሪያ መቃብር አጠገብ የነበረው የፕራህላድፑሪ ቤተ መቅደስ በበቀል ፈረሰ። በአዮድያ መስጂድ ያፈረሰ ሰው ጥፋት በሙልታን ጎረቤት ትከሻ ላይ ወደቀ።

ስለዚህ የፈትሕን ታሪክ የሚያስተምር መምህር ወይም ኢማም ዘገባውን ሳይከፍል ሊያቀርበው ይገባል፤ ምርኮውንም፣ የአር-ሩሩን ንጽጽርም፣ የላም ሥጋውንም። አላህ በሱረቱል አንዓም 108ኛ አንቀጽ ከእርሱ ሌላ የሚመለኩትን እንዳንሰድብ ከልክሏል። አዛዡ በጣዖቱ ላይ ያደረገው ማላገጥም የሚመዘነው በዚህ አንቀጽ ነው፤ አንቀጹ በአዛዡ ሥራ አይመዘንም። ፈትሕን ማክበር የፈታሒውን ድርጊት ሁሉ ማጽደቅ አይደለም። ይህን ልዩነት የተረዳ ደረሳ የሌላውን በዓል እንደ አል-ቢሩኒ በትክክል መግለጽ ይችላል፤ እምነቱም በዚህ አይነካም።