ከመወለድ በፊት የሚሰጥ ኮርቲኮስቴሮይድ፦ ታሪኩና ትምህርቱ

በኦገስት ወር 1963 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ ከጊዜው 5 ሳምንት ተኩል ያህል ቀድሞ ተወለደ። ክብደቱ 2.1 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ትንፋሽ አጠረው፤ በዘመኑ ይገኝ የነበረው ሕክምና ሁሉ ቢደረግለትም ከተወለደ በ39ኛው ሰዓት ሕይወቱ አለፈ። የታላቅ አገር መሪ ልጅ መሆኑ አልጠቀመውም፤ ሊያድነው የሚችል ሕክምና ገና አልተገኘምና።

የበሽታው ምንነት ግን ከ4 ዓመት በፊት ታውቆ ነበር። ሜሪ ኤለን ኤቨሪና ጄር ሚድ በ1959 ባወጡት ጥናት፣ በዚህ ሕመም የሞቱ ሕፃናት ሳንባ ሰርፋክታንት የተባለው ንጥረ ነገር እንደሚጎድለው አሳዩ። ሰርፋክታንት ጥቃቅኖቹ የአየር ከረጢቶች አየር በሚወጣበት ጊዜ ተጣብቀው እንዳይቀሩ ይጠብቃቸዋል። እንግዲህ የቀረው ጥያቄ፣ ያልበሰለውን ሳንባ ከመወለድ በፊት ማብሰል ይቻል እንደሆነ ነበር።

መልሱ የተገኘው ሌላ ጥያቄ ሲመረመር ነው። በኒውዚላንድ የኦክላንድ ከተማ የማሕፀንና ጽንስ ሐኪም የነበሩት ግራሃም ሊጊንስ፣ ምጥን የሚቀሰቅሰው እናቲቱ ናት ወይስ ጽንሱ የሚለውን ለማወቅ በበጎች ላይ ያጠኑ ነበር። የጽንሱ ፒቱታሪ እጢ ሲጠፋ እርግዝናው ከወትሮው ይረዝማል፤ ለጽንሱ ኮርቲሶል ወይም መሰል መድኃኒት ሲሰጥ ደግሞ ምጡ ያለጊዜው ይመጣል። የበግ እርግዝና 150 ቀን ያህል ሲሆን፣ በዚህ ዘዴ በ117ኛው ቀን አካባቢ የተወለደ ግልገል በሕይወት ይኖራል ተብሎ አይጠበቅም ነበር። ነገር ግን ሲተነፍስ ተገኘ፤ ሳንባውም ሲመረመር በከፊል በአየር ተሞልቶ ነበር። ሊጊንስ ይህን በ1969 ባሳተሙት ጽሑፍ አስፍረው፣ ስቴሮይዱ የሰርፋክታንትን መመረት ሳያፋጥን እንዳልቀረ ጠቆሙ።

ይህ ግምት ከተፈጥሮ ሥርዓት ጋር የሚስማማ ነው። በእርግዝናው መጨረሻ ሳምንታት የጽንሱ አድሬናል እጢ የሚያመነጨው ኮርቲሶል ይጨምራል። በዚህም በአየር ከረጢቶች መካከል ያለው ግድግዳ ይሳሳል፤ ጉበት ግላይኮጅን ያከማቻል፤ አንጀትም ምግብ ለመፍጨት ይዘጋጃል። ተራው ኮርቲሶል ከእናት ወደ ጽንስ ሲሻገር አብዛኛው በእንግዴ ልጅ ውስጥ ኃይሉን ያጣል፤ ቤታሜታዞንና ዴክሳሜታዞን ግን አብዛኛው ኃይላቸው ሳይቀንስ ይደርሳሉ። መድኃኒቱን ለእናት በመርፌ በመስጠት ጽንሱን ማከም የተቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሊጊንስ ከሕፃናት ሐኪሙ ከሮስ ሃዊ ጋር ሆነው ያካሄዱት፣ እናቶች በዕጣ የተመደቡበት ጥናት በ1972 ታተመ። ጥናቱ 282 እናቶችን ያካተተ ነበር። ምጥ በድንገት መጥቶባቸው ያለጊዜያቸው ከወለዱት መካከል፣ ቤታሜታዞን ከተሰጣቸው እናቶች ሕፃናት በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሞቱት 3.2 በመቶ፣ ካልተሰጣቸው ደግሞ 15 በመቶ ሆነው ተገኙ። የመተንፈስ ችግሩም ከ25.8 በመቶ ወደ 9 በመቶ ዝቅ አለ። ጥቅሙ ጎልቶ የታየው ከ32 ሳምንት በፊት በተወለዱና መድኃኒቱ ከተሰጠ ቢያንስ 24 ሰዓት ባለፋቸው ሕፃናት ላይ ነበር።

እንዲህ ያለ ውጤት ወዲያው በየሆስፒታሉ ሥራ ላይ ይውላል ተብሎ በተጠበቀ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። ሐኪሞች ኢንፌክሽንንና በአእምሮ ዕድገት ላይ ሊደርስ የሚችለውን ጉዳት ፈሩ፤ በኋላ የተካሄዱት ጥናቶችም እያንዳንዳቸው አነስተኛ ስለነበሩ ብቻቸውን አሳማኝ አልሆኑም። ጥናቶቹ ተደምረው ሲተነተኑ ግን ጥርጣሬው ተወገደ። በ1993 የተመሠረተው የኮክሬን ትብብር ዓርማ በመሐሉ የያዛቸው መስመሮች የእነዚሁ ጥናቶች ውጤት ናቸው፤ ማስረጃውን በወቅቱ አለመሰብሰብ ሕይወት እንደሚያስከፍል ያስታውሳሉ። በ1994 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የባለሙያዎች ጉባኤ ሕክምናው በሰፊው እንዲሰጥ ሲመክር፣ እጅግ አነስተኛ ክብደት ያላቸውን ሕፃናት ከወለዱ እናቶች መድኃኒቱን ያገኙት ከ12 እስከ 18 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከኦክላንዱ ጥናት ወዲህ 22 ዓመታት አልፈዋል።

መዘግየቱ አንድ ስሕተት ከሆነ፣ ያለ ልክ መስጠትም ሌላ ስሕተት መሆኑ ከጊዜ በኋላ ታወቀ። ኮርቲኮስቴሮይድ ለጽንሱ የሚያስተላልፈው መልእክት ማደግን ትቶ ለመወለድ መብሰል ነው። በ2008 የታተመ ሰፊ ጥናት እንዳሳየው፣ መርፌውን በየ14 ቀኑ መደጋገም የተለየ ጥቅም ያላስገኘ ሲሆን፣ ሕፃናቱ በክብደት፣ በቁመትና በራስ ቅል ዙሪያ መጠን አንሰው ተወልደዋል። የኦክላንዱ ጥናት ልጆች 30 ዓመት ሲሞላቸው ተመርምረው የልብ በሽታ ሥጋት ልዩነት ባይታይባቸውም፣ ኢንሱሊንን በመጠኑ የመቋቋም ምልክት ታይቶባቸዋል።

በ2015 የወጣው ሌላ ጥናት ይበልጥ አስደነገጠ። በስድስት አገሮች፣ በአመዛኙ በገጠር፣ ወደ 100,000 በሚጠጉ ወሊዶች ላይ የተካሄደ ነበር። የእርግዝናው ዕድሜ በማይታወቅበት ጊዜ የማሕፀን ከፍታ በቴፕ እየተለካ መርፌው ተሰጠ። መድኃኒቱን ከወሰዱት አብዛኞቹ እናቶች የወለዱት ክብደታቸው እጅግ ያነሰ ሕፃናትን አልነበረም። በአጠቃላይ የጨቅላ ሕፃናት ሞት ከ1,000 በሕይወት ከተወለዱ ከ23.9 ወደ 27.4 ከፍ አለ፤ በእናቶችም ላይ የተጠረጠረ ኢንፌክሽን ጨመረ። አንድ ሕይወት አድን መድኃኒት የጉዳት ምክንያት ሊሆን መቻሉ ታየ።

የዓለም ጤና ድርጅት ጥያቄውን በአምስት የእስያና የአፍሪካ አገሮች በሚገኙ 29 ሆስፒታሎች እንደገና አስጠና። በዚህ ጊዜ የእርግዝናው ዕድሜ በአልትራሳውንድ ተረጋገጠ፤ ዴክሳሜታዞን 6 ሚሊ ግራም በየ12 ሰዓቱ እስከ 4 ጊዜ ከ34 ሳምንት በታች ለሆኑ ብቻ ተሰጠ። በ2020 በታተመው ውጤት የጨቅላ ሕፃናት ሞት ከ23.5 በመቶ ወደ 19.6 በመቶ ቀነሰ፤ የእናቶች ኢንፌክሽንም አልጨመረም።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ የጤና ባለሙያ ቅርብ ነው። በአገራችን አምስት ሆስፒታሎች ተካሂዶ በ2019 በታተመ ጥናት፣ ያለጊዜያቸው ተወልደው ከሞቱት ሕፃናት 45 በመቶ ያህሉን የገደለው ይኸው የሳንባ አለመብሰል ያስከተለው የመተንፈስ ችግር ነው። ይሁንና ከታሪኩ የሚገኘው ትምህርት መርፌውን ለሁሉም እናት ስጡ የሚል አይደለም። የመጨረሻውን የወር አበባ ቀን በመጀመሪያው ክትትል በጥንቃቄ መመዝገብ፣ ኢንፌክሽን አለመኖሩን ማረጋገጥ፣ ወሊዱ በእርግጥ መቃረቡን ማመዛዘን፣ ሕፃኑን የሚቀበል የሙቀትና የኦክስጅን አገልግሎት መኖሩን ማወቅ የሕክምናው አካል ናቸው። በክትትል ካርድ ላይ በትክክል የተጻፈ አንድ ቀን ከወራት በኋላ መርፌው መድኃኒት ወይም ጉዳት መሆኑን ሊወስን ይችላል።