ሁለት ለዜሮ፤ ዜሮው የማን ነው?

ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. እሁድ ነበር። እኔ ያኔ ተማሪ ነኝ። ሀዋሳ ውስጥ ቴሌቪዥን ያለው ሻይ ቤት ሁሉ ስለሞላ የለስላሳ ሳጥን ላይ ቆሜ ነው ያየሁት። አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ ኢትዮጵያ ከሱዳን እየተጫወተች ነው። በመጀመሪያው ጨዋታ ሱዳን ሄደን 5 ለ 3 ተሸንፈናል።

አዳነ ግርማ አገባ። ቀጥሎ ሳላዲን ሰኢድ ደገመ። ድምር ውጤቱ 5 ለ 5 ሆነ፤ ከሜዳችን ውጪ ባገባናቸው 3 ግቦች ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፍን። አዳነ ደግሞ የሀዋሳ ልጅ ነው፣ ከሀዋሳ ከነማ የወጣ። የዚያን ቀን ማታ ከተማው እንዴት እንደነበር የሚያውቅ ያውቀዋል።

ያንን ጨዋታ ያየ ማንንም ሰው ብትጠይቁ ሁለቱን አግቢዎች ይነግራችኋል። ግን አንዴ ሂሳቡን ስሩት። ሁለተኛው ግብ ከገባ በኋላ ሱዳን አንድ ብቻ ብታገባ ኖሮ በድምር 6 ለ 5 አልፋ ነበር። ያሳለፈን ሁለቱ ብቻ አይደለም፤ ዜሮውም ጭምር ነው። ሻይ ቤቱ ውስጥ የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ትንፋሻችንን ይዘን የጠበቅነው እኮ ግብ ፈልገን አልነበረም። እንዳይገባብን ነው።

ይሄን ያሰብኩት ግን ያኔ አይደለም። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ አንድ የሰፈራችን ሰው ሲጠይቁኝ ነው።

ጋሼ እያልን ነው ያደግነው። በወጣትነታቸው በአንድ የፋብሪካ ቡድን ውስጥ ለዓመታት መሀል ተከላካይ ነበሩ። የሶፍትዌር ስራ እንደምሰራ ሲሰሙ «አንተ ልጅ፣ እስቲ ስሜን በዚያ ኮምፒውተርህ ፈልግልኝ» አሉኝ። ፈለግኩ። በአማርኛም በእንግሊዝኛም ምንም የለም። «አላገኘሁም ጋሼ» ስላቸው ሳቅ አሉና «አጥቂ ብሆን ታገኘኝ ነበር» አሉ።

ይሄ ቃል ከአእምሮዬ አልወጣም። ማታ ማታ ስለ ሀዋሳ ተጫዋቾች ትንሽ ዳታቤዝ መስራት ጀመርኩ። ክለቡ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ያነሳ ነው፤ መረጃ አይጠፋም ብዬ ነበር። ያገኘሁት ግን ውጤትና አግቢ፣ ውጤትና አግቢ ነው። ተከላካይ ስሙ የሚጠራው ቀይ ካርድ ሲያይ ወይም በራሱ ላይ ሲያገባ ነው። ስራውን በትክክል የሰራበት ቀን ባዶ ሆኖ ይቀራል።

ሌላው ዓለም ይሄን እንዴት እንደሚመዘግብ ለማየት ስዞር የአሜሪካ ፉትቦል ላይ ወደቅኩ። እዚያ «ሴፍቲ» የሚባል ቦታ አለ፤ ከሁሉም ኋላ የሚቆም ተከላካይ ነው። እሱ ከተሳሳተ ከኋላው ማንም የለም። ፖል ክራውስ የሚባል ሴፍቲ እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1979 ለ16 ዓመት በኤን.ኤፍ.ኤል ተጫውቶ 81 ጊዜ የተቃራኒ ቡድን ኳስ አየር ላይ ነጥቋል። 81! ቁጥሩ እስከ ዛሬ አልተሰበረም። ሰውየው በ1998 ወደ ታላላቆቹ የክብር አዳራሽ ገብቷል። ተከላካይ ነው፣ ግን ቁጥር አለው።

«እነሱማ ያድላቸው» ልል ስል ሌላ ነገር አነበብኩ። እዚያም ኳስ ወርዋሪውን ከነኳሱ መጣል፣ «ሳክ» የሚሉት፣ በይፋ መቆጠር የጀመረው በ1982 ነው። ከዚያ በፊት የተጫወቱ ስንት ጀግኖች ይፋዊ ቁጥራቸው ባዶ ነው። ታዲያ ተመራማሪዎች ተቀምጠው የድሮ የጨዋታ መዝገብና ፊልም እያገላበጡ እስከ 1960 ድረስ ወደ ኋላ ቆጠሩ። ቁጥሩ ከሰማይ አልወረደም፤ የሆነ ሰው ተቀምጦ ቆጥሮት ነው።

በዚህ ዓይን ወደ ራሳችን ስመለስ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ታየኝ። ኔልስፕሩት፣ ደቡብ አፍሪካ። ተጋጣሚያችን የወቅቱ ሻምፒዮን ዛምቢያ ነች። ሳላዲን ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፣ ግብ ጠባቂያችን ጀማል ጣሰው በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ወጣ፣ ከእረፍት በፊት ገባብን። በ65ኛው ደቂቃ አዳነ አቻ አደረገን። 1 ለ 1። ሁላችንም የምናስታውሰው ያቺን ግብ ነው። ግን ሁለተኛውን አጋማሽ ሙሉ በ10 ሰው ተጫውተን አንድም አልገባብንም። በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ስብስብ ውስጥ አምበሉ ደጉ ደበበ፣ አይናለም ኃይሉ፣ ስዩም ተስፋዬ፣ አበባው ቡታቆ ሁሉም ተከላካዮች ነበሩ። ስማቸውን እናውቃለን፤ ስንት ኳስ እንዳስጣሉ ግን ማናችንም አንቆጥርም። ቀጥሎ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ስንሸነፍ ግን «ተከላካዩ ምን ነካው?» ለማለት ማንም አልዘገየም።

የሚገርመው አዳነ ራሱ በእግር ኳስ ሕይወቱ አጥቂም፣ አማካይም፣ ተከላካይም ሆኖ ተጫውቷል። ዳታቤዜ ውስጥ ግን የሞላው የአጥቂው አዳነ ረድፍ ብቻ ነው። አንድ ሰው፣ ግማሽ ታሪክ።

ስለዚህ ሰንጠረዡን ቀየርኩት። «ግብ ያልገባባቸው ጨዋታዎች» የሚል አምድ ጨመርኩ፤ ጎኑ ላይ «ምንጭ» የሚል። ጋዜጣ ከሆነ ጋዜጣ፣ የሰው ቃል ከሆነ የሰው ቃል ብዬ እጽፋለሁ። የሰው ትዝታ ይሳሳታል፣ አውቃለሁ። ግን የሚያስታውሱት ሰዎች እያረጁ ነው፤ የተሳሳተውን በኋላ ማረም ይቻላል፣ ያልተጻፈውን ግን ከየት አምጥተን?

የመጀመሪያው ረድፍ የጋሼ ነው። ቡና እየጠጣን ያስታወሱትን ሁሉ ነገሩኝ፤ ያልገባባቸውንም፣ የገባባቸውንም። ሳይደብቁ።

በሁለተኛው ቀን ስልኬ ጠራ።

«አንተ ልጅ፣ አጠገቤ ይጫወት የነበረውን ልጅ ረስቼው» አሉኝ። «እሱ ባይኖር እኔም አልኖርም ነበር። እሱንም ጻፈው።»

ጻፍኩት።