የገና ሜዳ፦ እረኛ ልጆች ድፍረትንና ትዕግሥትን የተማሩበት ጨዋታ

በኢትዮጵያ ደጋማ አገር የልጆች አስተዳደግ ታሪክ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው የቄስ ትምህርት ቤት ነው፤ ፊደል ለመቁጠር ዕድል ያላገኘው እረኛ ልጅ ግን ጠባዩ የሚታነጸው በመስክ ላይ፣ በሩጫ፣ በትግልና በዱላ ጨዋታ ነበር። ከእነዚህ ሁሉ ላቅ ያለውን ስፍራ የያዘው የገና ጨዋታ ሲሆን፣ ይህም ጫፉ በተቆለመመ ዱላ ሩርን፣ ማለትም ከዛፍ ሥር ተጠርቦ የተድቦለቦለ ወይም ከጠፍር የተሠራ ኳስን፣ እየመቱ ወደ ተጋጣሚው ወገን ዳርቻ ለማሳለፍ የሚደረግ ግጥሚያ ነው።

ትውፊቱ የክርስቶስን ልደት የሰሙት የቤተ ልሔም እረኞች ከደስታ ብዛት በበትራቸው እንደተጫወቱ ያወሳል። ጨዋታው በታኅሣሥ መጨረሻ እንዲጸና ያደረገው ግን ትውፊቱ ብቻ ሳይሆን የእርሻው ዑደት ጭምር ነው፤ ወሩ እህሉ የሚታጨድበት፣ ባዶ የቀረው ማሳ ለሩጫ የሚመችበትና ከብቱ በቃርሚያ ላይ ሲሰማራ እረኛው ፋታ የሚያገኝበት ነውና። በነቢያት ጾም ወራት ልጁ ወደ ዱር ወርዶ፣ በተፈጥሮው የጎበጠ ቅርንጫፍ መርጦ ወይም እርጥቡን እንጨት በእሳት እያሞቀ አጉብጦ ዱላውን ራሱ ያዘጋጅ ስለነበር፣ ትምህርቱ የሚጀምረው ገና ሩር ሳይመታ ነው ማለት ይቻላል።

የቀድሞው ገና የተለካ ሜዳ፣ የተወሰነ የተጫዋች ቁጥርና የተቆረጠ ሰዓት አልነበረውም። ላይኛው መንደር ከታችኛው ሲጋጠም ወሰኑ ወንዝ ወይም ጉብታ ሊሆን ይችላል፤ ግጥሚያውም እስኪመሽ ይዘልቃል። ሩሩ ወሰን አለፈ ወይስ አላለፈም የሚለውን ክርክር የሚፈታ ዳኛ ባለመኖሩ፣ ልጆቹ መብታቸውን በአንደበታቸው ማስከበርን፣ የሌላውን ቃል ማመንን፣ አንዳንዴም እውነት ይዘው ሳለ ለጨዋታው ሲሉ መተውን ይለማመዱ ነበር። የዚህ ልማድ ዋጋ ከሩጫውና ከምቱ ይበልጣል፤ ጉልበት ዕድሜ የሚያመጣው ሲሆን፣ በእኩዮች ፊት ሳይፈሩ መናገር ግን ካልተለማመዱት አይገኝም።

ከዚህ ጋር የሚያያዘው የማዕርግ መነሣት ነው። በገና ዕለት ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ይሰለፋሉ፤ ጌታ በጨዋታው ላይ በደረሰበት ምትም ሆነ በተሰነዘረበት የዘፈን ስድብ መቆጣት እንደማይገባው በልማድ የጸና ነበር። ያሸነፈው ወገን የተሸነፈውን፣ አለቃውን ሳይቀር፣ በግጥም እየነቀፈ ይጨፍራል። ድሃ ልጅ በዓመት አንድ ቀን የባለጸጋን ልጅ በእኩልነት ገጥሞ ማሸነፉ በራሱ ላይ የሚያሳድርበትን እምነት፣ ባለጸጋውም ስድቡን በፈገግታ መቀበሉ የሚያስተምረውን ትዕግሥት አቅልሎ ማየት አይገባም። እርግጥ ነው፣ ሜዳው የወንዶች ብቻ ነበር፤ ሴቶች ልጆች ጠጠር እያጎኑ በሚቀልቡበት ቅልብልቦሽና በመሳሰሉት ቅልጥፍናን ቢያገኙም፣ ይህ የአደባባይ ፉክክር ተነፍጓቸዋል፤ ይህም የልማዱ እውነተኛ ጉድለት ነው። የተሰበረ ቅልጥምና የረገፈ ጥርስም የጨዋታው ዋጋ ነበር።

የእነዚህ ጨዋታዎች ዓይነትና አካሄድ በጽሑፍ እንዲቀር ከደከሙት አንዱ ፈረንሳዊው የሥነ ሰብእ (የሰውን ልጅ ባህልና አኗኗር የሚመረምር ጥናት) ሊቅ ማርሴል ግሪዮል ሲሆን፣ ስለ አቢሲኒያ ጨዋታዎች የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1935 በፓሪስ ታትሟል። በዚያው ዘመን በ1917 ዓ.ም. እንደተከፈተው እንደ ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ባሉት አዳዲስ ተቋማት ያደገው የከተማ ወጣት ፊቱን ወደ እግር ኳስ ማዞር ጀምሮ ነበር። በኋላም ገና ከትግል፣ ከኩርቦና ከፈረስ ጉግስ ጋር በባህል ስፖርት ውድድሮች ውስጥ ሲካተት፣ የተሰመረ ሜዳ፣ የተወሰነ ተጫዋችና ፊሽካ የያዘ ዳኛ አገኘ። ጥርስና ቅልጥም በዚህ ሥርዓት ተጠብቀዋል፤ ወሰኑን ተከራክሮ የመወሰን ሥልጣን ግን ከልጆቹ ወደ ዳኛው ተላልፏል።